የኪራይ መኪና ሲጋጭ ወጪው የማን ነው?

የሠርግ፣ የእንግዳና የመስክ ሥራ ወቅት ሲደርስ የአዲስ አበባ የመኪና ኪራይ ገበያ ይደምቃል። ተከራይ በቀን ሂሳቡ ላይ አጥብቆ ይከራከራል። ስለ ኢንሹራንሱ ሲጠይቅ ግን «ሙሉ ነው» የሚል መልስ ካገኘ ልቡ ያርፍና ይፈርማል። ዋስትናው ምን ያህል ሙሉ እንደሆነ የሚታወቀው መኪናው የተጋጨ ዕለት ነው። በዚያን ጊዜ ደግሞ አከራይና ተከራይ ወደ ሽማግሌ፣ አንዳንዴም ወደ ፍርድ ቤት ያመራሉ።

ሁለቱ ዋስትናዎች

በአገራችን ማንኛውም ተሽከርካሪ ያለ ሦስተኛ ወገን መድን መንገድ ላይ እንዳይወጣ የሚያስገድደው አዋጅ ቁጥር 559/2000 ሲሆን፣ ይኸው አዋጅ በ2005 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 799 ተተክቷል። ይህ መድን የሚክሰው በመኪናው የተጎዳውን ሌላ ሰው ወይም የሌላ ሰው ንብረት ነው፤ ክፍያውም ጣሪያ አለው። የተከራየው መኪና ራሱ ቢጨራመት ከዚህ መድን የሚገኝ ሳንቲም የለም።

መኪናውን የሚጠግነው ሁለተኛው ዓይነት፣ ማለትም ባለንብረቱ በፈቃዱ የሚገባው ሙሉ ዋስትና ነው። የግል መድን ድርጅቶች ከ1986 ዓ.ም. ወዲህ ወደ ገበያው ከገቡ በኋላ የውሎቹ ዝርዝር ከድርጅት ድርጅት ይለያያል። ስለዚህ «ሙሉ» የሚለውን ቃል ከመስማት ይልቅ ውሉን ማንበብ ይበጃል።

ኤክሰስ ምንድን ነው?

ከእያንዳንዱ ጉዳት መድን ድርጅቱ የማይከፍለውና ባለመኪናው የሚሸከመው ድርሻ ኤክሰስ ይባላል። ዓላማው ለጥቃቅን ጭረት ሁሉ ካሣ እንዳይጠየቅና አሽከርካሪው እንዲጠነቀቅ ለማድረግ ነው። ኤክሰሱ ከፍ ሲል አረቦኑ ዝቅ ይላል።

ስሌቱን በምሳሌ እንመልከት። ኤክሰሱ የጉዳቱ 10 በመቶ፣ ቢያንስ ግን 10,000 ብር ነው እንበል።

• ፓራውልቱ ተጭሮ ጥገናው 8,000 ብር ቢፈጅ፣ ከዝቅተኛው መጠን በታች ስለሆነ መድን ድርጅቱ ምንም አይከፍልም።
• ጉዳቱ 60,000 ብር ቢሆን 10 በመቶው 6,000 ብር ነው። ዝቅተኛው መጠን ግን 10,000 ብር በመሆኑ መድን ድርጅቱ የሚከፍለው 50,000 ብር ይሆናል።
• ጉዳቱ 300,000 ብር ቢደርስ ኤክሰሱ 30,000 ብር፣ የመድን ድርጅቱ ክፍያ 270,000 ብር ነው።

በመድን ውሉ መሠረት ኤክሰሱን የሚሸከመው ባለመኪናው ነው። ወደ ተከራዩ የሚያሻግረው የኪራይ ውሉ ነው። በኪራይ ውሉ ላይ መጠኑ በቁጥር ካልሰፈረ ጠብ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው።

ከኤክሰስ በላይ የሚመጣ ሂሳብ

አንደኛ፣ መኪናው ጋራዥ ሲቆም የሚቀረው ገቢ ነው። ሙሉ ዋስትና በተለመደው መልኩ ይህን አይሸፍንም። ከላይ የተጠቀሰው የ300,000 ብር ጉዳት የደረሰበት መኪና በቀን 4,000 ብር የሚከራይ ቢሆንና 20 ቀን ጋራዥ ቢቆም የቀረው ገቢ 80,000 ብር ነው። ውሉ ይህንንም በተከራዩ ላይ የሚጥል ከሆነ ከኤክሰሱ ጋር 110,000 ብር ይጠየቃል።

ሁለተኛ፣ መኪናው ከዋጋው በታች ዋስትና የተገባለት ሊሆን ይችላል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የመኪናና የመለዋወጫ ዋጋ ንሯል። 3 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ መኪና በድሮው ዋጋ በ1.5 ሚሊዮን ብር ዋስትና ተገብቶለት ከሆነ፣ በብዙ ውሎች መሠረት የሚከፈለው የጉዳቱ ግማሽ ብቻ ነው። ኤክሰሱም ከዚያ ላይ ይቀነሳል።

ሦስተኛ፣ አሮጌ ዕቃ በአዲስ ሲተካ መድን ድርጅቱ የእርጅና ቅናሽ ሊያደርግ ይችላል።

ዋስትናው የሚቀርበት ጊዜ

ለቤት አገልግሎት ብቻ ዋስትና የተገባለትን መኪና ለኪራይ ማሰማራት ትልቁ አደጋ ነው። የአገልግሎቱን ዓይነት ለመድን ድርጅቱ ያላሳወቀ አከራይ ካሣውን ሊከለከል ይችላል። መንጃ ፈቃድ የሌለው ወይም በኪራይ ውሉ ያልተፈቀደለት ሰው ሲያሽከረክር፣ እንዲሁም ጠጥቶ ማሽከርከር ተመሳሳይ ውጤት ያስከትላል።

መድን ድርጅቱ ከፈለ ማለትም ነገሩ አበቃ ማለት አይደለም። የ1952ቱ የንግድ ሕግ አንቀጽ 683 ካሣ የከፈለ መድን ድርጅት በባለንብረቱ እግር ተተክቶ ጉዳት አድራሹን ሦስተኛ ወገን እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። ስለዚህ ተከራዩ በመድን ውሉ የተፈቀደለት አሽከርካሪ ሆኖ መሸፈኑን ማረጋገጥ አለበት።

አከራዩም ቢሆን «ያሽከረከረው ተከራዩ ነው» ብሎ ከተጎጂዎች አያመልጥም። የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2081 መኪናው ላደረሰው ጉዳት ባለንብረቱን ኃላፊ ያደርገዋል።

በውጭ አገር ለሚከራዩ

አሜሪካ ሄዶ መኪና የሚከራይ ነጋዴ በአከራዩ ባንኮኒ ላይ የሚቀርብለት የጉዳት ሽፋን በአብዛኛው ኢንሹራንስ አይደለም፤ አከራዩ ክፍያ ተቀብሎ «ለጉዳቱ አልጠይቅህም» የሚልበት ስምምነት ነው። ጎማ፣ መስታወትና የመኪናው ሆድ ከዚህ ውጭ ሊሆኑ ይችላሉ። በዱባይ ደግሞ ያለ ፖሊስ ወረቀት የተጋጨ መኪና ጋራዥ አይቀበለውም።

ከመፈረም በፊት

• የመድን ውሉን ቅጂ፣ የሚያበቃበትን ቀንና «ለኪራይ አገልግሎት» የሚል መስፈሩን መመልከት፤
• የኤክሰሱን መጠንና ማን እንደሚከፍለው በቁጥርና በጽሑፍ ማስፈር፤
• ለሚቀረው ገቢ የሚጠየቀው የቀን ብዛት ገደብ እንዲኖረው መስማማት፤
• የሚያሽከረክሩትን ሰዎች ሁሉ ስም በውሉ ማስገባት፤
• መኪናውን በቀን ብርሃን ዞሮ አይቶ ጭረቱን ፎቶ ማንሳትና ማስፈረም፤
• መያዣ የተሰጠ ገንዘብ ካለ የሚመለስበትን ቀን ማስጻፍ።

ግጭት ከደረሰ ትራፊክ ፖሊስ ፕላን ሳያነሳ መኪናውን አለማንቀሳቀስና ለአከራዩ በዚያው ዕለት ማሳወቅ ይገባል። በመንገድ ዳር በቃል ተስማምቶ መለያየት፣ ወይም «ጥፋቱ የኔ ነው» ብሎ መፈረም የመድን ድርጅቱን ክፍያ ሊያስቀር ይችላል። በቀን 500 ብር ቅናሽ አግኝቶ የኤክሰሱን መስመር ሳያነብ የፈረመ ተከራይ አተረፈ አይባልም።