ዕጣ የሚመሰክረውና የማይመሰክረው

አንድ መድኃኒት ያድናል ወይስ አያድንም ብሎ ለሚጠይቅ ሰው፣ አንድ የዳነ በሽተኛ ማየት አይበቃውም። በሽተኛው ያለ መድኃኒትም ይድን እንደ ነበር በምን ይታወቃል? ይህን ጥያቄ ለመመለስ ሊቃውንት ካወጧቸው ዘዴዎች ዋነኛው የዕጣ ሙከራ ነው። በዚህ ጽሑፍ የዘዴውን ጥቅምና ወሰን ለጓደኞቼና ለወላጆች ባጭሩ ለመግለጽ አስባለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በሽተኞቹ በዕጣ በሁለት ይከፈላሉ፤ አንደኛው ክፍል አዲሱን መድኃኒት ይወስዳል፣ ሁለተኛው አይወስድም። ሐኪሙ ራሱ ቢመርጥ ሳያስበው ብርቱዎቹን ወደ አንድ ወገን ሊያደርግ ይችላል። ዕጣ ግን አያዳላም። ሰዎቹ ብዙ ሲሆኑ ብርቱውና ደካማው፣ ወጣቱና ሽማግሌው በሁለቱም ወገን ተመጣጥኖ ይገኛል። እንግዲህ በመጨረሻ ትልቅ ልዩነት ቢታይ ምክንያቱ መድኃኒቱ ነው ለማለት ይቻላል።

በ1948 በብሪታንያ ስለ ስትሬፕቶማይሲን የታተመው ሙከራ ለዚህ የታወቀ ምሳሌ ነው። ዕጣውን ያሰናዳው ኦስቲን ብራድፎርድ ሂል የሚባል የስታቲስቲክስ ሊቅ ነበር። የሳንባ ቲቢ የጸናባቸው 107 ሰዎች በዕጣ ተከፈሉ። በ6 ወር ውስጥ መድኃኒቱን ካገኙት 55 ሰዎች 4 ሞቱ፤ የአልጋ ዕረፍት ብቻ ከተሰጣቸው 52 ሰዎች ግን 14 ሞቱ። መድኃኒቱ በዚያን ጊዜ ለሁሉ የሚበቃ ስላልነበረ፣ በዕጣ ማካፈሉ እንደ በደል አልተቈጠረም።

እንዲህ ያለውን ፍሬ ያዩ አንዳንድ ሰዎች፣ ከዕጣ ሙከራ በቀር ማስረጃ የለም ወደ ማለት ደርሰዋል። እኔ ግን ይህ አስተሳሰብ ልክ አይደለም እላለሁ። ምክንያቴንም በሁለት ከፍዬ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ዕጣ ሊጣልበት የማይገባ ነገር አለ። ሲጃራ የሳንባ ካንሰር ያመጣል ወይ የሚለውን ጥያቄ እንመልከት። አንዱን ወጣት 30 ዓመት አጭስ፣ ሌላውን አታጭስ ብሎ በዕጣ ማዘዝ ግፍ ነው፤ ቢታዘዝስ ማን ይፈጽመዋል? ስለዚህ ያው ሂል ከሪቻርድ ዶል ጋር ሆኖ በሌላ መንገድ ሄደ። በ1950 ባወጡት ጥናት በሎንዶን ሆስፒታሎች የተኙትን ሕመምተኞች ጠየቁ። የሳንባ ካንሰር ከያዛቸው 649 ወንዶች መካከል የማያጨሱት 2 ብቻ ነበሩ፤ ሌላ በሽታ ከነበረባቸው 649 ወንዶች ግን የማያጨሱት 27 ነበሩ። ከ1951 ጀምሮ ደግሞ ወደ 40,000 የሚሆኑ የብሪታንያ ሐኪሞችን ልማድ መዝግበው ለብዙ ዓመት ተከታተሉ። አብዝቶ የሚያጨስ አብዝቶ በካንሰር ሲሞት፣ ማጨስ የተወ ሰው አደጋው እየቀነሰለት ሲሄድ ታየ።

ሮናልድ ፊሸር ግን ተቃወመ። ይህ ሰው በእርሻ ሙከራ ላይ የዕጣን ጥቅም ያስተማረ ታላቅ ሊቅ ነበር። ምናልባት ከዘር የወረደ አንድ ጠባይ ሰውን ለማጨስም ለካንሰርም ያጋልጠው ይሆናል ብሎ ተከራከረ። ጥያቄው ተገቢ ነበር፤ ነገር ግን ማስረጃው ከየአቅጣጫው እየተከማቸ ሄደ፤ በ1964ም በአሜሪካ መንግሥት የወጣው የጤና መግለጫ ሲጃራ በወንዶች ላይ የሳንባ ካንሰር እንደሚያመጣ አስታወቀ። ዕጣ ካልተጣለ አናምንም ተብሎ ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬ በጠበቅን ነበር፤ በመጠበቁም ሻጩ ሲያተርፍ አጫሹ ይሞት ነበር።

ሁለተኛ፣ የዕጣ ሙከራ በቀጥታ የሚመሰክረው ለተፈተኑት ሰዎችና ለተፈተኑበት ቦታ ነው። በ2011 በታተመ ሙከራ በኬንያ፣ በዩጋንዳና በታንዛንያ ብርቱ ትኩሳት ያለባቸውና ደማቸው በሚገባ የማይዘዋወር 3,141 ሕፃናት ገብተው ነበር። ለእንዲህ ያለ ሕፃን ብዙ ፈሳሽ ቶሎ በደም ሥር መስጠት ያድናል ተብሎ ይታመን ነበርና ይኸው ተፈተነ። በ48 ሰዓት ውስጥ ፈሳሹ በብዛት ከተሰጣቸው ከ100ው 11 ያህል ሞቱ፤ እንዲህ ካልተሰጣቸው ግን ከ100ው 7 ያህል። የታመነው ነገር ጎጂ ሆኖ ተገኘ፤ ይህን ያለ ዕጣ ማወቅ እጅግ አስቸጋሪ በሆነ ነበር። ሆኖም ተቅማጥ የያዛቸውና በምግብ እጦት ክፉኛ የተጎዱ ሕፃናት በሙከራው እንዲገቡ አልተደረገም። እንግዲህ ውጤቱን ብቻ ሰምቶ፣ በተቅማጥ ውሃው ያለቀበትን ሕፃን ፈሳሽ የሚከለክል ሰው ቢኖር፣ በማስረጃ ስም ሕፃኑን ይገድለዋል። ይህ የሙከራው ጥፋት አይደለም፤ ያልተጠየቀውን እንዲመልስ ያስገደደው ሰው ጥፋት ነው እንጂ።

ዴቪድ ሳኬትና ባልደረቦቹ በ1996 እንደ ጻፉት፣ በማስረጃ የሚመራ ሕክምና ከምርምር የተገኘውን ከሁሉ የተሻለ ማስረጃ ከሐኪሙ ልምድ ጋር ማጋጠም ነው፤ በዕጣ ሙከራም ብቻ አይወሰንም። እህል በቁና ይሰፈራል፤ ጨርቅ በክንድ ይለካል። ቁና ጨርቅ ስለማይለካ አይጣልም፤ ሁሉን በቁና ካልሰፈርሁ የሚል ነጋዴም አይገኝም።

ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ አንድ መድኃኒት ተረጋግጧል ሲባል ስትሰሙ በማን ላይ፣ የትና ከምን ጋር ተወዳድሮ ብላችሁ ጠይቁ። ማስረጃ የለም ሲባል ደግሞ፣ ተፈልጎ ታጣ ወይስ በዚያ መንገድ ሊፈለግ የማይገባ ነው ብላችሁ ጠይቁ።