ለመንጋጋ ሕመም የቦቶክስ መርፌ፦ መቼ፣ በማን እጅ፣ እንዴት

ካልጋሪ ውስጥ ለመንጋጋ ሕመምና ለጥርስ ማፋጨት መርፌ የሚወጋ ክሊኒክ ማግኘት አይከብድም። የጥርስ ሐኪሙም የቁንጅና ክሊኒኩም ቦቶክስ ይሰጣሉ፤ ሥራው ከሩብ ሰዓት ብዙም አያልፍም። መድኃኒቱ ከንቱ ነው ለማለት አይደለም የተነሣሁት። የምከራከረው በተራው ላይ ነው፤ ለአብዛኛው ሰው ይህ መርፌ መጨረሻ ላይ መምጣት ያለበት ሕክምና ሆኖ ሳለ መጀመሪያ ላይ እየተሰጠ ነው። መርፌው የሚያደርገው አንድ ነገር ነው። ነርቭ ጡንቻን የሚያዝበትን አሴቲልኮሊን የተባለ ኬሚካል እንዳይለቀቅ ያግዳል፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ የማኘኪያው ጡንቻ ይላላል፣ ከሦስት እስከ አራት ወር በኋላ ደግሞ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ከአንጎል የሚመጣውን የማፋጨት ትእዛዝ ግን አያጠፋም፤ የሚቀንሰው የንክሻውን ጉልበት ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ሕመሙ ከየት እንደመጣ ይጣራ። የመንጋጋ ሕመም ከደረት መጨነቅ፣ ከትንፋሽ ማጠር ወይም ከክንድ ሕመም ጋር ድንገት ከመጣ የልብ ጉዳይ ሊሆን ስለሚችል ወዲያው 911 ይደውሉ። ዕድሜዎ ከ50 በላይ ሆኖ ሲያኝኩ መንጋጋዎ የሚዝልና የሚያምዎ፣ የራስ ቆዳዎ ሲነካ የሚያምዎ ወይም እይታዎ የሚደበዝዝ ከሆነ በዚያው ዕለት ሐኪም ይይዎት፤ የደም ሥር ብግነት ሊሆን ይችላል፣ ዓይንንም ያሳውራል። ይህ ከሌለ ረጋ ብለው ራስዎን ይመርምሩ። ሁለት ጣትዎን ከጆሮዎ ፊት ለፊት ዝቅ ብሎ ጉንጭዎ ላይ አሳርፈው ጥርስዎን ይግጠሙ፤ ከጣትዎ ሥር እብጥ የሚለው ዋናው የማኘኪያ ጡንቻ ነው። ጠዋት ሲነሡ እሱ ከደከመና ካመመ ማፋጨቱ የሌሊት ሳይሆን አይቀርም። ሕመሙ ወደ ማታ የሚብስ ከሆነ ደግሞ ቀን ቀን ኮምፒውተር ፊት ወይም ዲርፉት አውራ ጎዳና ላይ መኪና ሲነዱ ጥርስዎን ገጥመው ይሆናል። ለሁለት ሳምንት ጠዋትና ማታ ሕመሙን ከ0 እስከ 10 እየመዘኑ ይጻፉ። ኋላ መርፌውን የሚዳኙት በዚህ ማስታወሻ ነውና አይናቁት።

ማስታወሻውን ይዘው ወደ ጥርስ ሐኪምዎና ወደ ፋሚሊ ዶክተርዎ ይሂዱ። እንደ ሰርትራሊን፣ ፍሉኦክሰቲንና ቬንላፋክሲን ያሉ የድብርት መድኃኒቶች ማፋጨትን ሊያመጡ ይችላሉ፤ መድኃኒቱን በራስዎ አያቋርጡ፣ ግን ለሐኪሙ ይንገሩ። የሚያንኮራፉና ቀን የሚያንቀላፉ ከሆነ የእንቅልፍ ምርመራ ይጠይቁ። አገር ቤት በሌሊት ጥርስ ማፋጨት የወስፋት ምልክት ነው ይባላል፤ ለአዋቂ ሰው የወስፋት መድኃኒት መግዛት ግን ዋናውን ምክንያት ፍለጋ ማዘግየት ነው። የካልጋሪ ሰው ደግሞ የራስ ምታቱን ሁሉ በቺኑክ ነፋስ ያሳብባል። እርግጥ በ2000 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የወጣ የካልጋሪ ጥናት ቺኑክ በአንዳንድ የማይግሬን ሕመምተኞች ላይ ራስ ምታት እንደሚቀሰቅስ አሳይቷል። ነፋስ በሌለበት ቀንም በግንባርዎ ጎን የሚወጋዎት ከሆነ ግን መንጋጋዎን ይጠርጥሩ፤ እዚያም የማኘኪያ ጡንቻ አለ።

ቀጥሎ የሚመጣው ትዕግሥት የሚጠይቀው ክፍል ነው። በ2023 መጨረሻ ቢኤምጄ በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ በካናዳ የማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተመራ ቡድን ለቆየ የመንጋጋ ሕመም መመሪያ አውጥቶ ነበር። በጽኑ የደገፋቸው የመንጋጋ እንቅስቃሴንና ማሳሳብን፣ በባለሙያ እጅ የሚደረግ የጡንቻ ማሸትን፣ የአስተሳሰብና የባህርይ ሕክምናን ነው። የቦቶክስ መርፌው ንጥረ ነገር የሆነውን ቦቱሊነም ቶክሲንን ግን፣ በለዘበ ቃልም ቢሆን፣ አልመከረም። በአልበርታ ፊዚዮቴራፒስት ለማየት የሐኪም ወረቀት አያስፈልግም፤ የመንጋጋ ልምድ ያለውን ይምረጡ። ቤት ውስጥ የምላስዎን ጫፍ ከላይኛው የፊት ጥርስ ጀርባ አሳርፈው፣ ምላስዎ ሳይለቅ አፍዎን በዝግታ ከፍተው ይዝጉ፤ ስድስት ጊዜ ያህል፣ በቀን ጥቂት ጊዜ። በማይበሉበት ጊዜ ከንፈር ይገጠም፣ ጥርስ ግን ይለያይ። ማስቲካ ይቅር፤ ቆሎና ደረቅ ኳንታም እስኪሻልዎት ይቆዩ፤ የማታ ቡናም ይቀነስ። በሌሊት ጥርስ ላይ የሚጠለቀው ናይት ጋርድ ጥርስ እንዳይበላ ይጠብቃል፤ ሕመምን ለማዳን ግን ያው መመሪያ አልመከረውም። ሁለቱ የተለያዩ ዓላማዎች ናቸው።

«በፈረቃ የምሠራ ሰው ይህን ሁሉ መቼ ላደርግ ነው? መርፌው ይቀለኛል» የሚል ይኖራል። አድካሚ መሆኑ እውነት ነው። ሒሳቡን ግን ያስሉት፦ መርፌው በዩኒት ይሸጣል፤ ለምሳሌ አንድ ዩኒት 12 ዶላር ቢሆንና 50 ዩኒት ቢወጉ 600 ዶላር፣ በዓመት ሦስት ጊዜ ሲደገም 1,800 ዶላር ነው። የሥራ ቦታዎ ቤኔፊት ይክፈል አይክፈል አስቀድመው በጽሑፍ ይጠይቁ። ሌላው ተቃውሞ የበለጠ ክብደት አለው፦ በመርፌው የተሻላቸው ሰዎች አሉ። አዎ፣ አሉ። በ2018 ኒውሮሎጂ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት የሌሊት ማፋጨት ያለባቸውን 23 ሰዎች አካቶ፣ መድኃኒቱን የተወጉት የማስመሰያ መርፌ ከተወጉት የተሻለ ስሜት እንዳገኙ ዘግቧል፤ መድኃኒቱን ከተወጉት ሁለቱ ግን ፈገግታቸው ተለውጦባቸዋል። ትንሽ ጥናት ነው፤ በሩን ክፍት ይተዋል እንጂ ተራውን አይለውጥም። በሌላው መንገድ ለወራት ሞክሮ ላልተሳካለት ሰው መርፌው ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ።

ወደዚያ ከደረሱ በጥንቃቄ ይግቡ። ሄልዝ ካናዳ ቦቶክስን ለቆየ ማይግሬንና ለአንገት ጡንቻ መኮማተር ቢፈቅድም ለጥርስ ማፋጨት አልፈቀደውም፤ ሐኪሙ የሚሰጠው በራሱ ሙያዊ ውሳኔ ነው፣ ይህንንም ሊነግርዎት ይገባል። የጥርስ ሐኪም ከሆነ ይህን መርፌ ለመስጠት ከአልበርታ የጥርስ ሐኪሞች ኮሌጅ ፈቃድ እንዳለው ይጠይቁ። ጠርሙሱን ያሳይዎት፤ ስምንት አሃዝ ያለው የካናዳ የመድኃኒት መለያ ቁጥር ሊኖረው ይገባል። ቦቶክስ፣ ዲስፖርትና ዚዮሚን የተባሉት የዚህ መድኃኒት ዓይነቶች በዩኒት እኩል ስላልሆኑ የትኛው በስንት ዩኒት እንደተወጋ ይጻፍልዎት። ነፍሰ ጡር ከሆኑ፣ የሚያጠቡ ከሆኑ ወይም እንደ ማያስቴኒያ ግራቪስ ያለ የጡንቻ ድካም በሽታ ካለብዎት አይወጉ፤ የሚወስዱትን አንቲባዮቲክም ይናገሩ። በዝቅተኛ መጠን ይጀመር። በዚያ ቀን ቦታውን አይሹት፤ ማኘክ ከከበደዎት ለጥቂት ሳምንታት ገንፎና በሹሮ የራሰ እንጀራ ይበቃል። መዋጥ፣ መናገር ወይም መተንፈስ ከከበደዎት ግን፣ ከሳምንታት በኋላም ቢሆን፣ 911 ይደውሉ።

ማስታወሻዎን በስድስተኛው ሳምንት ከመጀመሪያው ጋር ያስተያዩ፤ እንቅስቃሴውንም አያቋርጡ። ከሦስት ወር በፊት መድገም አይገባም። በእንስሳት ላይ በተደረጉ ጥናቶች ጡንቻው ሲላላ የመንጋጋ አጥንት ሲሳሳ ታይቷል፤ በሰው ላይ ጉዳዩ ገና ስላልጠራ ለዓመታት መደጋገምን አልደግፍም። ከሁለት ዙር በኋላ የጻፉት ቁጥር ካልወረደ ለሦስተኛው አይክፈሉ።