ከቢራ ጥንስስ እስከ ሜታኖል፦ የኒኬልና የመዳብ ናኖ ቅንጣቶች ንጽጽር ከአቃቂ አንጻር

የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲና የሄኒከን ቂሊንጦ ቢራ ፋብሪካ ሁለቱም የሚገኙት በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ነው። ይህ ጉርብትና ለካታሊስት ተመራማሪ ጠቃሚ ነው። ስኳር በእርሾ ሲብላላ ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም አልኮል 0.96 ኪሎ ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ጋዙ እንደ ጭስ በናይትሮጅን ያልቀጠነ በመሆኑ ለማጣራት የሚጠይቀው ኃይል አነስተኛ ነው። ቢራ ፋብሪካዎች ይህን ጋዝ ሰብስበው ለመጠጡ ይጠቀሙበታል። ትርፍ ሲኖር ከሃይድሮጅን ጋር አዋሕዶ ወደ ነዳጅ ለመለወጥ የትኛው ብረት አስተኔ ይመረጣል?

ሳባቲዬና ሳንደረንስ እ.ኤ.አ. በ1902 በኒኬል አማካይነት ሚቴን አግኝተዋል። አንድ ሞል ካርቦን ዳይኦክሳይድ 4 ሞል ሃይድሮጅን ይወስዳል፤ 165 ኪሎ ጁል ሙቀትም ይለቃል። ኒኬል በከባቢ አየር ግፊት ይሠራል፤ ይሁን እንጂ የሚለቀቀው ሙቀት ቅንጣቶቹን እያጣበቀ ያገዝፋቸዋል። መዳብ ከዚንክ ኦክሳይድና ከአሉሚና ጋር ተደርጎ ሜታኖል ይሰጣል። የሚፈልገው 3 ሞል ሃይድሮጅን ብቻ ነው፤ ነገር ግን ከ200 እስከ 300 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀትና ከ50 እስከ 100 ባር ግፊት ይጠይቃል።

የቅንጣት መጠን ወሳኝ የሚሆነው አጸግብሮቱ በገጽ ላይ ስለሚካሄድ ነው። 10 ናኖ ሜትር በሆነ ቅንጣት ገጹ ላይ የሚገኙት አተሞች 10 በመቶ ያህል ናቸው፤ በ2 ናኖ ሜትር ግን ወደ ግማሽ ይደርሳሉ። ስለዚህ መግዘፍ ማለት የተከፈለበትን ብረት አስተኔ በውስጥ ቀብሮ ሥራ ፈት ማድረግ ነው።

ሃይድሮጅኑ ከውኃ በኤሌክትሪክ ቢመረት ለአንድ ኪሎ ግራም 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይፈጃል። በዚህ ስሌት አንድ ኪሎ ግራም ሚቴን 25 ኪሎ ዋት ሰዓት ወስዶ 13.9 ይመልሳል፤ ሜታኖል 9.4 ወስዶ 5.5 ይመልሳል። ሁለቱም የሚመልሱት ከግማሽ በጥቂቱ የሚበልጥ ነው። እንግዲህ በኃይል ረገድ ልዩነታቸው ጠባብ ነው፤ ምርጫውን የሚወስነው አጠቃቀሙ ነው። ሜታኖል ፈሳሽ በመሆኑ በበርሜል ይከማቻል፤ ለሙጫና ለማሟሚያ ጥሬ ዕቃም ይሆናል። ሽቦ በደረሰበት ቦታ ግን ኤሌክትሪኩን ወደ ነዳጅ ለውጦ ማቃጠል ብክነት ነው።

ከዚህ ለድኅረ ምረቃ ጥናቶች ሁለት ነጥቦች ይከተላሉ። አንደኛ፣ ካታሊስት በመጀመሪያው ሰዓት ባሳየው የልወጣ መጠን ብቻ አይመዘን፤ የቅንጣቱ መጠን ከሙከራው በፊትና በኋላ ይለካ። ሁለተኛ፣ ከእርሾ የሚወጣ ጋዝ ጥቂት የድኝ ውሁዶችን ይይዛል፤ እነዚህ ለኒኬልም ሆነ ለመዳብ መርዝ ናቸው። በሲሊንደር በተገዛ ንጹሕ ጋዝ ብቻ የተፈተነ ካታሊስት ለቂሊንጦ ጋዝ ተፈትኗል ሊባል አይችልም።