የሥራ ምስክር ወረቀት አጻጻፍ

አንድ ሠራተኛ ሥራውን ሲለቅ የቀድሞ አሠሪው ስለ እርሱ የሚጽፈው ወረቀት ቀጣዩን እንጀራ ሊያስገኝለት ወይም ሊያሳጣው ይችላል። ስለዚህ ጸሐፊው ሊጻፍ የሚገባውንና የማይገባውን ለይቶ ማወቅ አለበት።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 12 እንደሚያዘው፣ አሠሪ የሥራ ውል ሲቋረጥ ወይም ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ የምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ መስጠት ይኖርበታል። ወረቀቱ የሚገልጸው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ሲከፈለው የነበረውን ደመወዝ ነው። ስለ ሠራተኛው ጠባይ እንዲጻፍ አንቀጹ አያስገድድም።

አሠሪው ከዚህ አልፎ ቢናገርስ? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ሰውን የሚያስጠላ ወይም የሚያስንቅና ስሙን ወይም የወደፊት ዕድሉን የሚጎዳ ቃል ጥፋት መሆኑን በቁጥር 2044 ይደነግጋል። በቁጥር 2047 ደግሞ ተናጋሪው የነገሩን እውነትነት ካስረዳ፣ ሌላውን ለመጉዳት ብቻ አስቦ እንደ ተናገረ ካልተረጋገጠ በቀር፣ ተጠያቂ አይሆንም። እንግዲህ እውነትም ቢሆን ለክፋት ብቻ ሲነገር ያስጠይቃል ማለት ነው።

ቀጥለው ያሉትን ዓረፍተ ነገሮች አነጻጽሩ።

ሀ. ሠራተኛው ሰነፍና ግዴለሽ ነው።
ለ. ሠራተኛው በጥር ወር ሦስት ቀን ያለ ፈቃድ ከሥራ ቀርቷል።

በ«ሀ» ያሉት ቅጽሎች የጸሐፊውን ፍርድ እንጂ የሆነውን ነገር አይነግሩንም። በ«ለ» ግን ግሡ ድርጊቱን ያመለክታል፤ ጊዜውም ተገልጿል። ከመቆጣጠሪያ መዝገብ ጋር ተመሳክሮ እውነት ወይም ሐሰት መሆኑ ሊታወቅ ይችላል። እንዲሁም ፍርድ ቤት ሳይፈርድ «ሰርቋል» ብሎ መጻፍ የዳኛን ሥራ መሻማት ነው። ከአፍ የወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ በማኅተም የወጣ ቃል በቀላሉ አይመለስም። በሌላ በኩል ያልሆነውን ማሞገስም ቀጣዩን አሠሪ ማታለል ነው።

ምሳሌ፦ «የዚህ ወረቀት ባለ መብት ከመስከረም 1 ቀን 2012 ዓ.ም. እስከ ሰኔ 30 ቀን 2016 ዓ.ም. በሒሳብ ሠራተኛነት አገልግለዋል። ወርኃዊ ደመወዛቸው ብር 8,000 ነበር።»

«አገልግለዋል» በአንቱታ መጻፉን ልብ በሉ። ሠራተኛው ተጣልቶ ቢለቅ እንኳ አክብሮቱ አይቀርበትም።

መልመጃ

1. ከላይ በ«ሀ» የተጻፈውን ዓረፍተ ነገር ቅጽል ሳትጠቀሙ በማስረጃ ሊረጋገጥ በሚችል ዓረፍተ ነገር ተኩ።
2. ለአንድ የመጋዘን ጠባቂ ከአራት ዓረፍተ ነገር ያልበለጠ የምስክር ወረቀት ጻፉ።
3. እውነት ሆኖ ሳለ መጻፍ የሌለበት ነገር አለን? በአንድ አንቀጽ አስረዱ።