የብስክሌት ጎማ፤ ይጠገን ወይስ ይለወጥ?

ብስክሌት መንገዱ ሜዳ በሆነበት አገር ሁሉ ትልቅ ረዳት ነው። በባሕር ዳርና በሐዋሳ ብስክሌት የሚነዳው ሰው ብዙ ነው። በገጠርም ብስክሌት ያለው ገበሬ ወተቱን ወይም ሽንኩርቱን ከኋላ አስሮ ገበያ ያደርስበታል። የአህያን ያህል ባይጭንም ገለባ አይጠይቅም።

ታዲያ አንድ ቀን ጎማው መወላገድ ይጀምራል። ባለቤቱ ጠጋኙ ዘንድ ይወስደውና «ጎማዬ ተበላሸ» ይላል። ጠጋኙ «ይለወጥ» ካለ ይለወጣል፤ ገንዘቡም ይወጣል። ምናልባት ግን የተበላሸው አንድ ሽቦ ብቻ ነበር። የዚህ ተቃራኒም አለ። መለወጥ የነበረበት ጎማ በመዶሻ ተቀጥቅጦ ይነዳና ቁልቁለት ላይ ሰው ይጥላል። በመጀመሪያው ገንዘብ ይጠፋል፤ በሁለተኛው ክንድ ይሰበራል። ሁለቱም የሚመጡት የጎማውን ክፍሎች ለይቶ ካለማወቅ ነው።

«ጎማ» የምንለው አንድ ዕቃ አይደለም። ከውጭ መንገዱን የሚረግጠው ላስቲክ አለ። በውስጡ ነፋስ የሚይዘው የውስጥ ጎማ፣ ማለትም ካላማዳሪ አለ። ሁለቱን የተሸከመው ክብ ብረት ቸርኬ ይባላል። በመካከል እንደ እምብርት ሆኖ በዘንጉ ላይ የሚዞረው ሞዞ ነው። ቸርኬውንና ሞዞውን የሚያያይዙት ቀጫጭን ሽቦዎች ናቸው። ላስቲክና ካላማዳሪ ሲያልቁ መለወጥ የታወቀ ስለሆነ እዚህ አናወራበትም። ነገሩ የሚከብደው በሽቦው፣ በቸርኬውና በሞዞው ላይ ነው።

በመጀመሪያ ሽቦውን እንይ። ብዙ ሰው ሽቦዎቹ እንደ ቤት ምሰሶ ሸክሙን ከታች ደግፈው የሚይዙ ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም፤ ቀጭን ሽቦ ሸክም ቢያርፍበት ይጎብጣል። የሽቦዎቹ ሥራ መሳብ ነው። ድንኳን ከየአቅጣጫው በገመድ ተወጥሮ እንደሚቆም ሁሉ፣ ቸርኬውም ከየአቅጣጫው ወደ መካከል ተስቦ ነው ክብ ሆኖ የሚኖረው። ጎማው ሲዞር ወደ መሬት የደረሰው ሽቦ ትንሽ ይላላል፤ ሲያልፍ ተመልሶ ይወጠራል።

የትልቁ ብስክሌት ጎማ አንድ ጊዜ ሲዞር 2 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሄዳል። ስለዚህ በ1 ኪሎ ሜትር 450 ጊዜ ያህል ይዞራል። ገበያው 10 ኪሎ ሜትር ቢርቅ ደርሶ መልሱ 9,000 ዙር ነው። እያንዳንዱ ሽቦ በአንድ የገበያ ቀን 9,000 ጊዜ ላላ ጠበቅ ይላል ማለት ነው። ሽቦን ደጋግመው ሲያጥፉትና ሲያቃኑት እንደሚበጠስ ሁላችንም እናውቃለን። ይኸም እንደዚያው ነው። ደህና ተወጥሮ ከሚኖረው ይልቅ የላላው ቶሎ ይበጠሳል፤ ይበልጥ ይወዛወዛልና።

እንግዲህ ሽቦ በድንጋይ ወይም በእንጨት ተመትቶ ቢሰበር፣ የተሰበረውን ብቻ መለወጥ ይበቃል። ምንም ሳይነካቸው በየጥቂት ሳምንቱ አንድ አንድ እያሉ የሚበጠሱ ከሆነ ግን የቀሩትም ደክመዋል። ጠጋኙ «አባባ፣ የተበጠሰው አንድ ብቻ ነው፤ ልተካልዎት?» ቢል፣ «ልጄ፣ ባለፈው ወርም አንድ ብለኸኝ ነበር፤ እስቲ ሁሉንም አብረን እንያቸው» ማለት ተገቢ ነው። ብዙ ጊዜ የሚበጠሱት የኋላ ጎማ ሽቦዎች፣ በተለይም በካቴናው በኩል ያሉት ናቸው። ሽቦዎቹ በሙሉ ደክመው ቸርኬውና ሞዞው ደህና ከሆኑ፣ ሽቦውን ብቻ በሙሉ ማስለወጥ ይቻላል። ሽቦ መንገድ ላይ ከተበጠሰ ደግሞ ስባሪው እንዳይጠልፍ ከጎኑ ባለው ሽቦ ላይ ጠምጥሙት፤ ጭነቱን አውርዱና ብስክሌቱን እየገፋችሁ ሂዱ።

ሽቦን መፈተን ከባድ አይደለም። ብስክሌቱን ገልብጣችሁ በኮርቻውና በመሪው አቁሙት። ሽቦዎቹን እንደ ክራር ክር አንድ በአንድ በጣት ምቱ። በአንድ ጎን ያሉት ተቀራራቢ ድምፅ ይሰጣሉ። የላላው ድምፁ ደንዛዛ ነው።

አሁን ወደ ቸርኬው እንለፍ። ቀጭን እንጨት ጎማውን በያዘው ሹካ ላይ ደግፉና ጫፉን ወደ ቸርኬው አስጠጉ። ከዚያ ጎማውን አዙሩት። ቸርኬው እንጨቱን አንዴ እየነካ አንዴ እየራቀ ከዞረ ተጣሟል። ጥቂት መጣመም የሚቃናው በአንዱ ጎን ያለውን ሽቦ ትንሽ አላልቶ በሌላው ጎን ያለውን ትንሽ በማጥበቅ ነው። ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል። ጠጋኙ ለዚህ መዶሻ ካነሳ ሌላ ጠጋኝ ብትፈልጉ ይሻላል።

የማይጠገን ቸርኬ አለ። ቸርኬውን አጥባችሁ ሽቦው የሚገባባቸውን ቀዳዳዎች ተመልከቱ። ዙሪያቸው ከተሰነጠቀ ያ ቸርኬ አልቆለታል። እንደዚሁም የፍሬኑ ላስቲክ የቸርኬውን ጎን የሚጨብጥ ከሆነ ብረቱን ቀስ በቀስ ይበላዋል። የቢላዋ ጀርባ በጎኑ ላይ አቁማችሁ እዩ። በመካከል ጎድጉዶ ብርሃን ካሳለፈ ብረቱ ሳስቷል፤ አንድ ቀን በነፋሱ ግፊት ይፈነዳል። ድንጋይ መትቶት ከንፈሩ የታጠፈ ቸርኬ ግን እንደ ብረቱ ዓይነት ነው። ማግኔት ከሳበው ብረት ነውና በጥንቃቄ ሊቃና ይችላል። ማግኔት ካልሳበው አሉሚኒየም ነው፤ አሉሚኒየም ታጥፎ ሲቃና ይሰነጠቃል። ማግኔት ከተበላሸ ሬዲዮ ድምፅ ማውጫ ውስጥ ይገኛል።

የኋላ ጎማ ሲከዳ ብዙ ጊዜ ሰውየው እግሩን መሬት ያስነካና ይተርፋል። የፊት ጎማ ሲከዳ ግን በራስ ይተክላል። ስለዚህ የፊት ቸርኬ አጠራጣሪ ከሆነ መለወጡ ነው የሚሻለው።

ሞዞ ዕድሜው ረጅም ነው። ጎማውን ይዛችሁ ግራና ቀኝ ነቅንቁት። ከተንቀጠቀጠ ማጥበቂያው ላልቷል። ሲዞር ካንገጫገጨ በውስጡ ያሉት ብዮች ቆሽሸዋል ወይም ተበልተዋል። ሞዞው ተፈትቶ በነጭ ጋዝ ይታጠባል፣ አዲስ ብይ ይገባለታል፣ ግራሶ ይቀባል። ይህ ትንሽ ወጪ ነው። ሞዞው ራሱ መጣል ያለበት ብዮቹ የሚቀመጡበት ቦታ ተቦርቡሮ ከሆነ ነው።

ዋጋውን አስቀድማችሁ ጠይቁና በወረቀት ላይ ጻፉ። የአንድ ሽቦ ዋጋ በብዛቱ ይባዛል፤ ሽቦው 36 ከሆነ በ36 ማለት ነው። የጠጋኙ የእጅ ዋጋ ይደመርበታል። ይህን ከአዲሱ ሙሉ ጎማ ዋጋ ጋር አስተያዩት። እንደኛ አስተያየት ጥገናው ከአዲሱ ግማሽ ዋጋ ካለፈና ቸርኬውም የተበላ ከሆነ፣ ገንዘቡን በአሮጌው ላይ ማፍሰስ አይረባም።

ቸርኬ ወይም ሙሉ ጎማ ስትገዙ ማንበብ መቻላችሁ ይጠቅማችኋል። በላስቲኩ ጎን ላይ ቁጥር ተጽፏል። «26» ብቻ ብሎ መግዛት ያሳስታል። ሁለት ብስክሌቶች ሁለቱም 26 ተብለው፣ በትንሹ የተጻፈው ቁጥር በአንዱ 559 በሌላው 590 ብሎ ሊያልቅ ይችላል። ይህ ቁጥር ላስቲኩ የሚቀመጥበት የቸርኬው ዲያሜትር በሚሊ ሜትር ነው። የአንዱ ላስቲክ በሌላው ቸርኬ አይገባም። ስለዚህ ቁጥሩን በሙሉ፣ የሽቦውንም ብዛት ጽፋችሁ ያዙ። ሽቦ ብቻ የምትገዙ ከሆነ አሮጌውን ለመለኪያ ውሰዱ።

አዲስ ጎማም ቢሆን ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት አዙሩት፤ ሽቦዎቹን እየመታችሁ ስሙ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሽቦው ቦታ ቦታውን ሲይዝ ይላላልና አንድ ጊዜ እንዲጠበቅ ጠጋኙ ዘንድ መልሱት።

መልመጃ፦ የአንድ ብስክሌት የፊትና የኋላ ሽቦ ቁጠሩና ጻፉ። ገበያው ከእናንተ ቤት 6 ኪሎ ሜትር ቢርቅ፣ በደርሶ መልስ ጎማው ስንት ጊዜ ይዞራል?