የሶላት ሰዓቶችን በማይኤስኪውኤል ወደ ሰከንድ መቀየር

ይህ ትምህርት በተለይ የሶላት ሰዓት ማስታወሻ በስልክ የሚልክ ዳታቤዝ ለምትሠሩ ነው፤ ለሌሎቻችሁም ለፈተና አይጠፋም።

ከአዛን እስከ ኢቃማ ስንት ሰከንድ አለ ብለን እንጀምር። አዛኑ 12:45፣ ኢቃማው 13:00 ይሁን። 15 ደቂቃ፣ ማለትም 900 ሰከንድ መሆኑን ለማወቅ ኮምፒውተር አያሻንም። ሁለቱን የ«ታይም» ዓምዶች በቀጥታ ብንቀናንስ ግን ማይኤስኪውኤል 5500 ይለናል፤ የስህተት መልእክት እንኳ አያወጣም። ሰዓቱን እንደ ተራ ቁጥር አንብቦ ከ130000 ላይ 124500 ስለሚቀንስ ነው። ስለዚህ አስቀድመን ሁለቱንም በ«ታይም_ቱ_ሴክ» እንለውጣቸዋለን፦ ከ46800 ላይ 45900 ሲቀነስ 900።

የሚያስቸግረው ሌሊቱ ነው። ለተሀጁድ የሌሊቱን የመጨረሻ ሲሶ እንፈልግ እንበል። መግሪብ 18:30 (66600)፣ ፈጅር 05:00 (18000) ቢሆን ከፈጅሩ ላይ መግሪቡን ስንቀንስ ውጤቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፦ -48600። እኩለ ሌሊት ላይ ቆጠራው እንደገና ከዜሮ ስለሚጀምር ነው። የአንድ ቀን 86400 ሰከንድ ስንጨምርበት 37800 እናገኛለን፤ ሲሶው 12600 ነው። ይህን ከፈጅር ላይ ስንቀንስ 5400 ይቀራል፤ «ሴክ_ቱ_ታይም» ደግሞ 01:30 ብሎ ይመልሰዋል፤ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 7:30 መሆኑ ነው። (ሰንጠረዡን የሚሞላው ወንድም 7:30 ብሎ እንዳያስገባው አደራ፤ በ21600 ሰከንድ ይዛነፋል።)

ቀኑና ሰዓቱ አንድ ላይ ሲሆኑ «ዩኒክስ_ታይምስታምፕ»ን እንጠቀማለን። እሱ የሚቆጥረው ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970፣ በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም.፣ ከዩቲሲ እኩለ ሌሊት ጀምሮ ነው። ያን ጊዜ አዲስ አበባ ላይ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነበር። የ3 ሰዓቷ ልዩነት ናት ጣጣ የምታመጣው። ተግባሩ የሰጠነውን ሰዓት የሚረዳው በሴሽኑ የሰዓት ቀጠና ነው። ሴሽኑ ዩቲሲ ላይ ሆኖ የመዘገብነው የአዲስ አበባን ሰዓት ከሆነ 10800 ሰከንድ ይተርፋል፤ የ18:30ው የመግሪብ ማስታወሻ ከምሽቱ 3:30 ይደርሳል። በረመዷን ስልኩን ብቻ የሚጠብቅ ጾመኛ ምን ሊሆን ነው! ስለዚህ ስሌቱን ከማስኬዳችን በፊት የሴሽኑን «ታይም_ዞን» +03:00 እናደርገዋለን። በአገራችን ሰዓት በበጋና በክረምት ስለማይቀያየር ይህ ቁጥር ዓመቱን ሙሉ ያው ነው።