ምዕራፍ 9፦ ካርዱ አለኝ፤ ዛሬ ግን መጥለቅ እችላለሁ?

ከጅቡቲ ከተማ በጀልባ ወጥተን ሙሻ ደሴት አጠገብ መልሕቅ ጣልን። ውሃው 4 ሜትር ብቻ በሚጠልቅበት ቦታ ወርጄ አሸዋው ላይ ተንበረከክኩ። ፊት ለፊቴ ያለችው አስተማሪ በጣቷ መነጽሯን ነካ አደረገች፤ «ውሃ አስገባበትና መልሰህ አስወጣው» ማለቷ ነው። ይህን መልመጃ ከአራት ዓመት በፊት ደጋግሜ ሠርቼ፣ ተፈትኜ፣ ካርድ ወስጄበታለሁ።

የመነጽሩን ጠርዝ ከፈት ሳደርገው የጨው ውሃ አፍንጫዬን ሞላው። የማውቀው ሁሉ ጠፋብኝ። ደረቴ ተጨነቀ፤ እግሮቼ አሸዋውን ረግጠው ወደ ላይ ሊያስፈነጥሩኝ ተዘጋጁ። አስተማሪዋ ግን ቀድማ ክንዴን ይዛ ነበር። ዓይን ዓይኔን እያየች መዳፏን ቀስ አድርጋ ከፍ ዝቅ አደረገች፤ ከትንፋሿ ጋር እንድተነፍስ። ሦስት ጊዜ በአፌ ስቤ አስወጣሁ። ከዚያ የመነጽሩን የላይኛውን ጠርዝ ግንባሬ ላይ ተጫንኩ፣ ቀና አልኩ፣ በአፍንጫዬ እፍ አልኩ። ውሃው በታች በኩል ወጣ።

4 ሜትር ላይ ሆኖ ያስደነገጠኝ ነገር 18 ሜትር ላይ ቢገጥመኝስ? ይህን ምዕራፍ የጻፍኩት በዚህ ጥያቄ ምክንያት ነው።

ካርዱ የሚናገረው ስለ ትናንት ነው

እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው ፓዲም ሆነ ሌሎቹ ታላላቅ የማሠልጠኛ ድርጅቶች የሚሰጡት የመዝናኛ ጠላቂነት ካርድ በአብዛኛው የማብቂያ ቀን የለውም። «ኦፕን ዋተር» የተባለው የመጀመሪያ ደረጃ ካርድ እስከ 18 ሜትር፣ «አድቫንስድ» የተባለው ደግሞ እስከ 30 ሜትር ለመጥለቅ ያበቃል። ካርዱ የሚመሰክረው ግን ሥልጠናው በተጠናቀቀበት ቀን የተፈለገውን ሁሉ ሠርተው ማሳየትዎን ብቻ ነው። ዛሬ ስላለዎት ብቃት የሚናገረው የለም።

ዜማ የተማረ ዲያቆን ሁለት ሦስት ዓመት ከማኅሌት ቢርቅ ቃሉን አይረሳም። ጸናጽሉን ሲያነሳ ግን እጁ ይዘገያል፤ ከጓደኞቹ ጋር እስኪገጥም ጊዜ ይወስድበታል። ውሃ ውስጥም እንዲሁ ነው። የብስ ላይ ስንኖር ሳናስበው በአፍንጫችን እንተነፍሳለን። ስኩባ የሚፈልገው አፍንጫን ዘግቶ በአፍ ብቻ መተንፈስን ነው፤ ይህ ደግሞ በልምምድ የሚመጣ፣ ልምምድ ሲቋረጥ የሚሄድ ልማድ ነው። እኔ የተማርኩትን አልረሳሁም። ሰውነቴ ግን በአራት ዓመት ውስጥ ወደ ቀድሞ ልማዱ ተመልሶ ነበር።

ስለዚህ ብዙ የመጥለቂያ ማዕከሎች ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ውሃ ያልገባን ሰው የክለሳ ልምምድ እንዲያደርግ ይጠይቃሉ። ባይጠይቁዎትም ራስዎ ይጠይቁ። ባለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ እዚህ ግን የሚቀረው ማዕረግ ብቻ ላይሆን ይችላል። በሕይወትዎ የጠለቁት አሥር ጊዜ እንኳ የማይሞላ ከሆነ አንድ ዓመት አይጠብቁ፤ ያልጸና ልማድ ቶሎ ይሄዳል።

የክለሳ ቀን ምን ይሠራል?

ጥሩ ክለሳ ግማሽ ቀን ይበቃዋል። ቅደም ተከተሉን አውቀው ከሄዱ የጎደለውን አንስተው መጠየቅ ይችላሉ።

1. እውነቱን መናገር። ለመጨረሻ ጊዜ የጠለቁት መቼ ነው? ስንት ጊዜ ጠልቀዋል? የሚወስዱት መድኃኒት፣ የጆሮ ወይም የሳንባ ችግር አለ? ቁጥሩን አሳድጎ መናገር ራስን ከአቅም በላይ ወደሆነ ቦታ መላክ ነው። ጉንፋን ከያዘዎት ደግሞ ቀኑን ይለውጡ።

2. ዕቃን ከጓደኛ ጋር መፈተሽ። የአየር ጃኬቱ ይነፋል፣ ይተነፍሳል? የእርሳስ ክብደቱ በአንድ እጅ ይፈታል? ማሰሪያዎቹ ጠብቀዋል? ቀጥሎ የአየር መተንፈሻውን (ሬጉሌተሩን) አፍዎ ውስጥ አድርገው የግፊት መለኪያውን እያዩ አራት ጊዜ ይሳቡ። በሳቡ ቁጥር መርፌው ወደ ታች ከዘለለ የሲሊንደሩ መክፈቻ እስከ መጨረሻው አልተከፈተም ማለት ነው። ጀልባ ላይ በሁለት ሰከንድ የሚስተካከል ነገር ከታች ትልቅ አደጋ ይሆናል።

3. ክብደትን እንደገና መለካት። የዛሬ አራት ዓመት የታጠቁት እርሳስ ለዛሬው ሰውነትዎና ለዛሬው ልብስዎ ላይሆን ይችላል። ውሃው ላይ ቀጥ ብለው፣ ጃኬቱን ባዶ አድርገው፣ መጠነኛ ትንፋሽ ይያዙ። ውሃው ዓይንዎ ላይ ከደረሰ፣ ሲተነፍሱ ደግሞ ከሰመጡ ልክ ነው። ይህን የሞከሩት በሙሉ ሲሊንደር ከሆነ 2 ኪሎ ያህል ይጨምሩ፤ አየርም ክብደት ስላለው ሲሊንደሩ ባዶ እየሆነ ሲሄድ ይቀልልዎታል።

4. ጆሮን ማስተካከል። አፍንጫን ይዞ ቀስ ብሎ እፍ ማለት የሚጀመረው ከመጀመሪያው ሜትር ነው። ሕመም ከተሰማዎት ዘግይተዋል፤ ትንሽ ከፍ ይበሉና እንደገና ይሞክሩ። በኃይል መግፋት ጆሮን ይጎዳል።

5. ሦስቱ የማይታለፉ መልመጃዎች፦ መነጽር ውስጥ የገባ ውሃን ማስወጣት፣ ከአፍ የወጣ ሬጉሌተርን ፈልጎ መመለስ፣ ከጓደኛ ትርፍ ሬጉሌተር መተንፈስ። ሬጉሌተሩ አፍዎ ውስጥ በማይሆንበት ጊዜ ሁሉ ትንንሽ አረፋ ያስወጡ። ትንፋሽ አይያዝም። በ10 ሜትር ጥልቀት ሳንባ ውስጥ ያለ አየር የውሃው ገጽ ላይ ሲደርስ መጠኑ እጥፍ ይሆናል፤ መውጫ ካጣ ሳንባን ይጎዳል።

6. ሳይነሱና ሳይሰምጡ መንሳፈፍ። ይህን ያልቻለ ሰው ኮራሉን ይረግጣል። ለማደግ ብዙ ዓመት የፈጀበት ቅርንጫፍ በአንድ የእግር ምት ይሰበራል።

የአየሩን ሒሳብ በእጅ መያዝ

ብዙ ጠላቂዎች ከተመረቁ በኋላ የሚረሱት ሒሳቡን ነው። በየ10 ሜትሩ ግፊቱ በ1 ባር ይጨምራል፤ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምንስበው አየርም በዚያው ልክ ይበዛል። 12 ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር በ200 ባር ሲሞላ 2,400 ሊትር አየር አለው። ከዚህ ላይ 50 ባር፣ ማለትም 600 ሊትር፣ የመጠባበቂያ ነው፤ አይነካም። የሚቀረው 1,800 ሊትር ነው።

የተረጋጋ ሰው ውሃ ላይ በደቂቃ 20 ሊትር ይተነፍሳል እንበል። 10 ሜትር ላይ 40 ሊትር ይሆናል፤ 45 ደቂቃ ይቆያል። 20 ሜትር ላይ 60 ሊትር ይሆናል፤ 30 ደቂቃ ይቆያል። ልምዱን ያጣ፣ የተጨነቀ ሰው ግን 30 ሊትር ይተነፍሳል። እሱ 20 ሜትር ላይ የሚያገኘው 20 ደቂቃ ብቻ ነው። ጭንቀት አየር ይበላል፤ ክለሳው ጭንቀቱን ሲያቀል አየሩንም ያረዝማል።

ከመሪ ጋር መጥለቅ

ከክለሳው በኋላ ያለው የመጀመሪያ ጠለቃ ቦታውን ከሚያውቅ መሪ ጋር ቢሆን መልካም ነው። መሪው የጅረቱን አቅጣጫ፣ የመውጫውን ቦታና ኤሊው የሚተኛበትን ዋሻ ያውቃል። የእርስዎን የግፊት መለኪያ ግን በእርስዎ ፈንታ ሊያይልዎ አይችልም። መሪ ሞግዚት አይደለም። ጥልቀቱን፣ ሰዓቱንና አየሩን ራስዎ ይከታተሉ፤ ከካርድዎ ወሰን በታች ሲወርድ ካዩ አይከተሉት።

ከመግባትዎ በፊት እነዚህን ይጠይቁ፦ በቡድናችን ስንት ሰው አለ? ስንት ሜትር እንወርዳለን? ስንት ባር ሲቀር እንመለሳለን? ብንጠፋፋ ምን እናደርጋለን? ጀልባው ላይ ኦክስጅን አለ? ለመጨረሻው ጥያቄ መልስ የሌለው ጀልባ ላይ አይሳፈሩ።

ምልክቶቹንም በጀልባው ላይ እያሉ ይስማሙባቸው። ጅቡቲ ውስጥ በፈረንሳይ ሥርዓት የሠለጠኑ ብዙ መሪዎች አሉ። በእነሱ ዘንድ ሁለት እጅ እንደ «ቲ» ፊደል ሲጋጠም አየሬ ተጋመሰ ማለት ነው፤ መጠባበቂያ ላይ ሲደረስ ደግሞ ጡጫ ከጭንቅላት አጠገብ ይነሳል። በፓዲ የተማረ ሰው አየር ሲያንሰው ጡጫውን ደረቱ ላይ ነው የሚያደርገው። ውሃ ውስጥ አስተርጓሚ የለም።

በመጨረሻም አወጣጥ። በደቂቃ ከ9 ሜትር ባልበለጠ ፍጥነት ይውጡ፣ 5 ሜትር ላይ ለ3 ደቂቃ ይረፉ። በግፊት ወደ ደምና ወደ ሥጋ የገባው ናይትሮጅን ቀስ ብሎ እንዲወጣ ጊዜ ይፈልጋል። የቸኮለ ሰው ላይ ናይትሮጅኑ አረፋ ይሆናል፤ መገጣጠሚያን ያማል፣ አልፎ ተርፎም ነርቭን ይጎዳል።

ለደጋ ሰው ልዩ ማሳሰቢያ

ከአንድ ጠለቃ በኋላ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ በተከታታይ ቀናት ወይም በቀን ከአንድ ጊዜ በላይ ከተጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይቆዩ አውሮፕላን ላይ መውጣት አይመከርም። ይህን ብዙ ሰው ያውቃል። «እኔ በባቡር ነው የምሄደው» ብሎ የሚዘናጋ ግን አለ። የአውሮፕላን ውስጥ ግፊት በብዙ በረራ ላይ እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ካለው አየር ጋር ይስተካከላል። አዲስ አበባ ራሷ ያለችው በዚያ ከፍታ አካባቢ ነው! ከጅቡቲ ተነስቶ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሚጓዘው ባቡርም ድሬዳዋ ላይ 1,200 ሜትር ያህል ወጥቶ ከዚያም ወደ ደጋው ይቀጥላል። ለሰውነትዎ በክንፍም ሆነ በሐዲድ ቢወጡ ልዩነት የለውም። የጉዞዎን የመጨረሻ ቀን ለጅቡቲ ከተማ ይተዉት።

ከመሄድዎ በፊት

ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ የዓሣ ነባሪ ሻርክ ለማየት ወደ አርታ የባሕር ዳርቻ የሚሄዱ ከሆነ፣ ዝግጅቱን ወር ቀደም ብለው ይጀምሩ። የድሮውን መማሪያ ያንብቡ። በአቅራቢያዎ ወዳለ የሆቴል መዋኛ በመነጽርና በመተንፈሻ ቱቦ ይግቡ፤ መነጽሩን ሞልተው ያስወጡ፣ ሃያ ጊዜ። ይህ ሙሉውን ክለሳ አይተካም፤ አፍንጫዎ ግን የጥንቱን ትምህርት ማስታወስ ይጀምራል።

እኔ በማግሥቱ ከመሪ ጋር 14 ሜትር ወረድኩ። አንዲት ኤሊ ከኮራሉ ሥር አንገቷን ስታወጣ ሳላስበው ፈገግ አልኩ፤ ጉንጬ ሲነሳ መነጽሩ ውሃ አስገባ። ደረቴ ግን አልተጨነቀም። ሐሳቤ ኤሊዋ ላይ እንዳለ እጄ ራሱ ግንባሬ ላይ ወጣ፤ እፍ አልኩ፤ ውሃው ወጣ። እየዋኘች እስክትርቅ ድረስ በጠራ መነጽር አየኋት።